የእትዬ ዘሀራ ማርማላታ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው።

ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር፣ እኔና እትዬ ዘሀራ አንድ ቤት ተቀጥረን እንሠራ ነበር። እሷ የወሎ ሴት ናት፣ በዕድሜ እናቴ ልትሆን ምንም ያልቀራት። እኔ ገና ከአገሬ የወጣሁ፣ ማዳም በተጣራች ቁጥር የምደነብር ነበርኩ። ሥራውንም አረብኛውንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ ስጾም ምግቡን ቀድማ ቀምሳ «ይሄ ወተት ነክቶታል፣ ተይው» ትለኛለች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ድስቱን የምቀምስላት እኔ ነኝ፤ እሷ በጾሟ ጨው እንኳ በምላሷ ማስነካት አትወድም።

እትዬ ዘሀራ የእንጆሪ ማርማላታ ሲሠሩ ያየኋቸውን ሁሉ ታስንቃለች። ፍሬውን ብዙ ሳታበስል፣ ስኳሩን ቀነስ አድርጋ፣ በብልቃጥ ሞልታ ፍሪዘር ውስጥ ትከተዋለች። ከወር በኋላ ሲወጣ ገና አሁን የተለቀመ ይመስላል። ወሬው ጅዳ ያለችው የማዳም እህት ጆሮ ደረሰ። ለዒድ መጥታ ልትቀምሰው፣ ከወደደችው እትዬ ዘሀራን ልትወስዳት፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ልታዛውርላት፣ መካም ልታደርሳት ቃል ገባች።

«ጅዳ እኮ የመካ ደጃፍ ናት፣ እህቴ! ኢንሻአላህ ካዕባን ሳላይ አልሞትም» ትለኛለች እየሳቀች። አብሬያት እስቃለሁ። በልቤ ግን፣ እሷ ከሄደች እኔን ለማን ትታኝ?

በጾሙ መጨረሻ ማርማላታውን ስትሠራ፣ ስኳሩና ጨዉ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ውስጥ ስለነበሩ ተሳስታ ጨው ጨመረችበት።

«ያላ፣ ቅመሽልኝ» አለችኝ።

ቀመስኩ። አፍ አያስገባም።

«ማር ነው» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፣ አስቤበት ነው። አፍጥራ እንዳትቀምሰው አስቀድሜ ድስቱንም ማንኪያውንም ያጠብኩት፣ ብልቃጦቹን ፍሪዘር ውስጥ የደረደርኩት እኔው ነኝ።

የዒድ ዕለት የማዳም እህት አንድ ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች። «ኸላስ!» አለች። ጅዳም መካም በዚያው ቀሩ። እትዬ ዘሀራ ማድ ቤት ገብታ ከብልቃጡ ቀመሰችና ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ከዚያ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ «ጉንፋን ይዞሽ ነበር መሰለኝ፣ ምን ታውቂ አንቺ» አለችኝ። ጉንፋን አልያዘኝም ነበር። እሷም ሳታውቅ የቀረች አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ሠራን። ስታመም እግሬን ታሸኛለች፣ አገሬ ሲናፍቀኝ በወሎ ለዛዋ ታስቀኛለች። በመጨረሻ ጉልበቷ ከዳትና መካን ሳታይ ወደ አገሯ ገባች።

ወድጃት ነው ልል እችል ነበር። እውነትም እወዳታለሁ። የሚወድ ሰው ግን እንዲህ ያደርጋል? ይቅር በይኝ ብዬ ልጽፍላት ስንት ጊዜ ወረቀት አንስቼ አስቀምጫለሁ። እነዚያን አራት ዓመታት መልሺ ብባል አልመልስምና። ታዲያ ይህን በሆዴ ይዤ ይቅርታ ብለምን ማንን ልሸነግል ነው?