የጾሙት አባጨጓሬዎች

ጅግጅጋ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሞባይል ገና የሹማምንት ዕቃ በነበረበት ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤታችንን አበባ አባጨጓሬ ወረረው። የሰብል ጥበቃ ባለሙያዋ እኔ ስለነበርኩ ጉዳዩ ወደ እኔ ተመራ። እስከዚያ ቀን ስለ ማሽላ ተባይ እንጂ ስለ አበባ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አበባውን ያስተከለው ኃላፊያችን ነው። ረጋ ያለ፣ ግን ቶሎ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ስለተባለ ከበሩ እስከ አዳራሹ ድረስ ጽጌረዳና ፔቱኒያ አስተከለ። በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውኃ ሲጠጡ ከርመው ልክ እምቡጥ ሲይዙ ትሉ መጣ። ቅጠሉን ወንፊት አደረገው፣ እምቡጡንም መብሳት ጀመረ። ኃላፊው በየማለዳው እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ወደ ቢሮው ይገባል።

መጋዘን ውስጥ የነበረው መድኃኒት የራስ ቅል የተሳለበት፣ ጊዜው ያለፈበት አንድ በርሜል ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ የጥበቃው ሁለት ፍየሎች ይውላሉ። ስለዚህ ከሥልጠና ይዤው የመጣሁትን ዱቄት አስታወስኩ። አባጨጓሬን የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱ ይታመማል፣ መብላት ያቆማል፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይሞታል። ሰውንም ፍየልንም ንብንም አይጎዳም። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። ስህተቴ "ባክቴሪያ" የሚለውን ቃል መጻፌ ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የሰው ኃይል ኃላፊው ማስታወሻዬን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ባለሙያዋ ወደ ግቢው በሽታ ለማስገባት ፈቃድ እየጠየቀች ነው አለ። ግመል ይይዛል ወይ ተባልኩ። አይይዝም አልኩ። የእንስሳት ሐኪሙ፣ ግመሉ የተረጨውን ቅጠል ቢበላስ አለ። ያኔም አይይዝም።

"ታዲያ ባክቴሪያው ግመልና አባጨጓሬን በምን ይለያል?" አለ ኃላፊው፣ ከልቡ ተጨንቆ።

ስለ አንጀት ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሰሌዳ ላይም ሣልኩ። የሣልኩት አባጨጓሬ ግመል መሰለና ነገሩ ባሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ርጭቱ ተፈቅዷል፤ ሆኖም በሽታው ከአጥር እንዳይወጣ የጥበቃ ክፍሉ እንዲቆጣጠር።

የጥበቃ ክፍሉ ማለት አንድ ሰው ነበሩ። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ እንደ አገሬው "አደር"፣ አጎቴ፣ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ውሳኔው ሲነገራቸው መጥተው መልኩ ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። በዓይን አይታይም አልኳቸው። 

"ልጄ፣ መሣሪያ ፈትሽ ተብዬ አውቃለሁ፤ ኮንትሮባንድ ፈትሽ ተብዬ አውቃለሁ። የማይታይ ነገር ግን ፈትሼ አላውቅም።"

ሆኖም ትእዛዝ ያከብሩ ስለነበር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግቢው የሚወጣውን ሰው ሁሉ ጫማውን ያስራግፉ ጀመር።

ፀሐይ ባክቴሪያውን ስለምታበላሸው የሚረጨው አመሻሽ ላይ ነው። ወሩ ደግሞ ረመዳን ነበር። መግሪብ ሲቃረብ ሁሉም ለማፍጠር ወደየቤቱ ገሰገሰ፤ እኔ መርጫውን አዝዬ ከአበባዎቹ ጋር ቀረሁ። አደር በር ላይ አፍጥረው፣ ጭምብሌን እስካወልቅና እጄን እስክታጠብ ጠብቀው ሁለት ተምር ሰጡኝ።

በነጋታው ስደርስ ኃላፊው ጽጌረዳው አጠገብ ነው። ትሎቹ ደህና ናቸው አለኝ፣ እንደ ተከዳ ሰው። በሕይወት አሉ ግን አይበሉም አልኩት። ቁጢጥ ብሎ አየ። እውነትም አንዱም አፉን አያንቀሳቅስም፤ ቅጠሉ ላይ ተዘርግተው ዝም ብለዋል። አደር ከኋላችን በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

"ጾመዋል" አሉ፣ እንደ ተራ ነገር።

ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወሬው ግን ከእኩለ ቀን በፊት ገበያ ደረሰ። የጨርቅ ነጋዴዎች መጡ፣ አስተማሪዎች መጡ፤ ከጉናጋዶ በግ ጭኖ የመጣ ሰው ሳይቀር በጎቹን መኪናው ላይ ትቶ ገባ። ሲወጡ ሁሉም ጫማቸውን እንዲያራግፉ መደረጋቸው ነገሩን ይበልጥ አከበረው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። መሞታቸው እርግጥ እንደሆነ ጠየቀ። እርግጥ ነው አልኩ። መሥሪያ ቤቱ በረመዳን ጾመኛ ገደለ ሊባል ነው ብሎ ግንባሩን ያዘ። ከዚያም በሽታውን ከሆዳቸው መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም፣ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ተባይ የተማርኩት ሴት፣ ይቻል ይሆን ብዬ ለአፍታ አሰብኩ። አፍሬ ወጣሁ።

አመሻሹ ላይ የሰፈሩ መስጊድ ሼክ መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። የፕላስቲክ ወንበር አስመጥተው ጽጌረዳው ፊት ተቀመጡና፣ መቼ እንደረጨሁና ትሎቹ መብላት ያቆሙት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ጠበቁ። አዛን ሲሰማ በተምር አፈጠሩ፣ ግቢው ውስጥ ሰገዱ፣ ተመልሰውም ለምለም ቅጠል ቆርጠው አንዱ አባጨጓሬ አፍ ሥር አኖሩለት። አልነካውም። ትንሽ ታገሡት። አሁንም አልነካውም።

"ጾመኛ ቢሆኑ ኖሮ አሁን ይበሉ ነበር። እነዚህ ታመዋል" አሉ።

ሰዉ ተበተነ፤ ቅር ያለውም ነበር። እኔ ግን ልቤ ሞላ። ያ ሁሉ ስብሰባና ሥዕል ያላስረዳውን ነገር እሳቸው በአንድ ቅጠል ጨረሱት።

በሦስተኛው ቀን አባጨጓሬዎቹ ጠቁረው በእግራቸው ተንጠልጥለው ቀሩ። በሳምንቱ አበባው ፈነዳ። እንግዳውም መጣ፤ ከበሩ እስከ አዳራሹ በስልክ እያወራ አለፈ እንጂ ዞር ብሎ አላየም።

"ሽታው ደርሶት ይሆናል" አለኝ ኃላፊው ቀስ ብሎ። ይሆናል አልኩት።

ጥቂት ቆይቶ ሼኩ ላኩብኝ። ፋፈን ወንዝ ዳር ያለው ጎመናቸው በትል ተበልቶ ነበር። የተረፈውን ዱቄት ይዤ ሄጄ ረጨሁላቸው፤ ሳልጾም ለማፍጠሪያው አስቀሩኝ። ሁለት ዓመት ያህል እራቴን ብቻዬን ስበላ ስለኖርኩ፣ ከአንድ ትሪ ከስድስት ሰው ጋር መብላት እንዴት እንደሚያሞቅ ረስቼው ነበር። ሳምቡሳው ሲያልቅ ባለቤታቸው ጠጋ ብለው፣ ይህ በሽታ አይጥንስ ይይዛል ወይ አሉኝ። አይይዝም አልኳቸው። በጣም አዘኑ።