ሸዋረጋ ልጓም የያዘች ለት

ሸዋረጋን የሚያውቋት ሁሉ «ያቺ ጉግስ ሜዳ የገባችው» ይሏታል። አፋቸው ይያዝና፣ ሌላውን ኑሮዋን የሚያነሳ የለም። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ የጽዋ ማኅበርተኛዋም ነኝ፤ ስለ እሷ ማውራት ለእኔ ይገባል። ከዘመሮ በኩል ተድራ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ስትመጣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር እየፈተለች፣ ገብስ እየፈጨች አንድ ልጇን ጌጡን አሳደገች። ባሏን ወዳጆን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «የጌጡ አባት» ነበር የምትለው።

ወዳጆ ፈረሰኛ ነው፣ ያውም ደህና ፈረሰኛ። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ፈረሰኞቹ ለጉግስ ሁለት ወገን ሆነው እየተሳደዱ ዘንግ ሲወራወሩ የእኛን ወገን የሚመራው እሱ ነበር። ኋላ ያ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጣና ጌጡን ወሰደው። ልጁ ወደ ሰሜን ሄዶ በዚያው ቀረ፤ መርዶው መጣብን። ወዳጆ ጥቁር ለበሰ፣ ፈረሱንም ተወው። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ ሐዘን ልክ አለው፣ በዚህ ጥምቀት ውጣልን ብለው ለመኑት። እሺ አለ።

እንግዲህ ታቦቱ ገብቶ ጉግሱ ሲሞቅ፣ ከወዲያ ወገን የተወረወረ ዘንግ ወዳጆን ጋሻውን ሳያነሳ ጆሮ ግንዱን አገኘው። ከፈረሱ ወድቆ ዝም አለ። ሴቶቹ ጮኽን። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ፣ ተነሳ፣ በርኖሱን አራገፈና ፈረሴን አምጡ አለ። ደም የለ፣ ስብራት የለ።

በእኛ ዘንድ የወደቀ ፈረሰኛ ተመልሶ ይውጣ አይውጣ የሚፈረደው በፉከራው ነው። ሳይሳሳት ከዘለቀው አእምሮው ደህና ነው ይባላል፤ ከተደናቀፈ ይቀመጣል። የጉግሱ ዳኛ ግራዝማች አፈወርቅ ነበሩ፤ ማዕረጉን ደርግ ቢሽረውም እኛ አልሻርነውም። በል ፎክር አሉት። ወዳጆ ዘንጉን ነቅንቆ ከፈረሱ ስም ጀመረና እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ወረደው። ሜዳው በሆታ ተናወጠ። ግራዝማችም ይውጣ ብለው ፈረዱ።

ይኼኔ ነው ሸዋረጋ ከመሐላችን ብድግ ያለችው። ቀሚሷን ይዤ ቁጭ በይ፣ አታዋርጂን ብላት መንጭቃኝ ሄደች። ሴት ልጅ ጉግስ ሜዳ መሐል! የባሏን ፈረስ ልጓም ጨምድዳ ቆመች። ወንዶቹ ሳቁ፤ በይ ጓዳ ክተችው አሏት። ወዳጆ በንዴት ፊቱ ጠቆረ፣ አሰደብሽኝ፣ ልቀቂ አላት። ወይ ፍንክች። ለግራዝማች የወንድሟን ነገር አስታወሰቻቸው፤ ገብረየሱስ ዘመሮ ላይ እንዲሁ ወድቆ፣ እንዲሁ ፎክሮ፣ ተመልሶ ወጥቶ ሁለተኛ ሲመታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሞተው። ግራዝማች ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ሰውየው ቃል አልሳተም አሉ።

«ፉከራማ ከልጅነቱ ያለ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ሆኖም ይለዋል» አለች። «እርስዎ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቀው። ከመለሰ እለቃለሁ።»

ጠይቂው አሏት። ወደ ባሏ ዞረች።

«የጌጡ አባት፣ ጌጡ የት ነው?»

ወዳጆ ምን ነካሽ በሚል ዓይን አያትና ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይፈልግ ጀመር።

«አሁን ከኋላዬ አልነበረም እንዴ? ጋሻዬን ሊያነሳልኝ ሄዶ ነው፤ ይመጣል።»

ግራዝማች ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፈረሳቸው ወረዱ፤ ራሳቸው ክንዱን ደግፈው እስከ ቤቱ አደረሱት።

ወጌሻው አይቶት በጨለማ አስተኙት፣ ፈረስ አታስነኩት አለ። ዳነ። ዳነ ስል ግን ዝም ብሎ አልዳነም። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ጌጡ የታለ ይላል። እሷ ትነግረዋለች። እሱም መርዶውን ያን ዕለት እንደሰማ ሰው ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። በማግስቱ ረስቶት ያድርና እንደገና ይጠይቃል። ልቅሶው እስከ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። ጌጡ ዓለም ከተማ ገበያ ሄዷል በይው፣ ምን አለበት ብላት ተቆጣችኝ።

«ልጄ አለ ብዬ ልናገር? አንድ ቀን ካልኩት እኔም አምኜ በር በር ማየት እጀምራለሁ» አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ እየሮጠች ቤቴ ገባች። ሞቶባት ነው ብዬ ክው አልኩ። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ዛሬ ሳልነግረው አለቀሰ» አለችኝ። «ምንም ሳይጠይቀኝ ተነስቶ ቁጭ አለና ልጄን ብሎ አለቀሰ። ተመስገን በይልኝ።»

ተመስገን አልኩላት።