ኮሸሽላ ያለባት ማንኪያ

በጃንሆይ ዘመን አርብ ገበያ በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ሳለሁ የስኮትላንድ የብር ዕቃ መሰብሰብ እወድ ነበር። ስኮትላንዳዊው አስተማሪዬ የአገሩ ምልክት የሆነው የኮሸሽላ አበባ የተቀረጸባት የብር ማንኪያ ከሰጠኝ ወዲህ የያዘኝ አመል ነው። አንድ ቀን እዚያው አቅራቢያ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ያሉ እመት ደብሬ የሚባሉ ባልቴት እንዲህ ያለች ማንኪያ እንዳላቸው ሰማሁና፣ ይሸጡልኝ እንደሆን ብዬ ሄድኩ። ለማመሳከር የራሴንም ይዤ ነበር።

እመት ደብሬ ማንኪያዬን ተቀብለው ከሳጥናቸው ካወጧት ማንኪያ ጎን አስቀመጧት። ቁርጥ መንትያ ናቸው።

«እልልል! የጠፋችው ማንኪያዬ መጣች!»

ጎረቤቱ ግር ብሎ ገባ።

«ኧረ እመት፣ የኔ ናት! አስተማሪዬ ነው የሰጠኝ» አልኩ።

«ሰረቅህ የሚል ቃል ወጣኝ ልጄ? ይልቅ ስላመጣህልኝ ተባረክ!»

አንዱ ግንባሬን ሳመኝ። የደብሩ ቄስም መስቀል አሳልመው «የሰው ገንዘብ የሚመልስ እንዲህ ያለ ወጣት አይጥፋ» ብለው መረቁኝ። ከዚህ ሁሉ ምርቃት በኋላ በየት በኩል ልንጠቃት? የቀዱልኝን ጠላ ጠጥቼ ባዶ እጄን ወጣሁ።

እመት ደብሬ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። ግራ ቀኙን አየት አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ሹካዋም ካለችህ አምጣት» አሉኝ።