የእናቴ ጠገራ ብርና መንታ ነጥቦቿ

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ምስር ስለቅም፣ የልጅ ልጄ፣ አንተው ነህ በስልክህ ፈረንጆቹን ያሳየኸኝ፤ አሮጌ የእንግሊዝ የመዳብ ሳንቲም በማጉያ እያዩ ይቺ ነጥቧ ወዲህ ነው፣ ያቺ ወዲያ ነው፣ የተመታችበት ቅርጽ ሌላ ነው እያሉ ሲለዩ። ሳቄ መጣ። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁት ይኼን ሥራ በደርግ ጊዜ ሠርቼዋለሁ! በል ጻፍ።

እናቴ ከእናቷ የቀረችላት አንዲት ጠገራ ብር ነበረቻት፣ በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላት። እቅፏ ውስጥ ሆኜ፣ ብሯ ላይ ያለችውን ሴትዮ የትከሻ ጌጥ በጥፍሬ እየዳበስሁ ነው ቁጥር የለመድሁ፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ነጥብ፣ ከዘጠኙ ሁለቱ እንደ መንታ የተጣበቁ።

አንድ ጊዜ ማንጠልጠያዋ ተሰብሮ ጣና ዳር ላሉት አንጥረኛ ለጋሽ ተገኘ ሰጠቻት። በማግስቱ የቀበሌ ስብሰባ ሆነባት፣ መቅረት ደግሞ ያስጠይቃል፣ እኔን ላከችኝ። ስደርስ ወናፉ ይነፋል፣ ማቅለጫው ቀልቷል፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ የራሳቸውን ጠገራ አስቀልጠው ለልጅ ልጃቸው የክርስትና መስቀል ሊያሠሩ ቁጭ ብለዋል። ጋሽ ተገኘ ለካ ሁለቱን ብር ባንድ ላይ በሎሚ አጥበው፣ ማንጠልጠያቸውንም ነቅለው፣ የቷ የማን እንደሆነች ጠፍቷቸዋል።

«ብር ያው ብር ነው» ብለው አንዷን በጉጠት አነሱ።

«ቶሎ በል ባክህ!» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ከጉጠቱ ጫፍ መንታዎቹ ነጥቦች ታዩኝ! «ጋሼ፣ የናቴ ናት፣ እንዳይከቷት!» ብዬ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠልሁ።

«ልቀቂ፣ ትቃጠያለሽ አንቺ ቅንቡርስ!»

ስለ መንታዎቹ ነጥቦች ስነግራቸው ሳቁብኝ። ግን ጉጠቱን ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ዐይናቸውን አጠበቡ፣ ሌላዋንም አንስተው አስተያዩ፣ ሳቃቸው ቆመ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ሳቀልጥ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር!» ብለው የናቴን መዳፌ ላይ አኖሯት። እኔ እሷን ጨብጬ እየዘለልሁ፣ ያችኛዋ እሳት ስትገባ ዘወር ብዬም አላየኋት።

ዛሬ እናቴም የለች፣ አንጥረኛውም የሉ፣ ይኼ ጣቴም ደንዝዞ ነጥብ አይለይም። ከልቤ የማይወጣልኝ ግን የዚያን ቀን እትዬ ዘርፌ ያሉኝ ነው። መስቀሉ አልቆ በባሕሩ ዳር አብረን ስንመለስ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሙ።

«አርባ ዓመት አንገቴ ላይ ኖራ አንድ ቀን አተኩሬ አላየኋትም» አሉኝ። «አንቺ ልጅ፣ የኔዋስ ምን ነበረባት?»