እሳተ ገሞራ ማቀዝቀዝና የአከራዬ እንስራ

ማራኪ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ የባለቤታቸውን የሙት ዓመት ተዝካር ሊያወጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። አረቄውን ራሳቸው ነበር የሚያወጡት፤ ጭንቀታቸውም እሱ ነበር። «በቁሙ ቤቱ ሞልቶለት አያውቅም፤ ለተዝካሩ እንኳ እንዳይጎድልበት» ይሉ ነበር።

እኔ የጂኦሎጂ መምህር ነኝ። ያነበብኩትን ለሰው ካልነገርኩ አያስችለኝም። በዚያ ሰሞን ያነበብኩት ደግሞ ስለ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ነበር። እንዳይፈነዳ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውሃ ልኮ፣ ከሥሩ ያለውን ሙቀት ቀስ በቀስ መሳብ ይቻላል፤ በእንፋሎቱም መብራት ይመነጫል ይላል። የእኛም አገር ተራራ ጥንት ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ስለሆነ ነገሩ ሩቅ አልመሰለኝም። ምድጃቸው ዳር ቁጭ ብዬ አወራኋቸው።

«ታዲያ ምነው እስካሁን አላደረጉት?» አሉኝ፣ ድፍድፉ ከተጣደበት እንስራ በመቃው ቱቦ ወደ ጆጉ የሚንጠባጠበውን አረቄ እያዩ።

«ይፈራሉ፣ እትዬ። ከላይ የከደነው ዓለት ከተሰነጠቀ፣ የታፈነው ጋዝ ወጥቶ ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል። ከጎን እንቆፍር የሚሉ አሉ፤ እሱም ቢሆን በሺህ የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል።»

«ሸጋ ሐሳብ ነው፤ የሚችል ያድርገው» ብለው ተነሱ። ስለ ተዝካሩ ቄሱን ሊያነጋግሩ ነበር። «እሳቱ ከበረታ እንጨቱን ሳብ። ጆጉ የተቀመጠበት ውሃ ሲሞቅ ቀይር። ሌላ ምንም እንዳትነካ!»

ለጥቂት ጊዜ የታዘዝኩትን አደረግሁ። ከዚያ የእንስራው አፍ የተመረገበት ሊጥ ተሰነጠቀና እንፋሎቱ ያፏጭ ጀመር። እንጨቱን መሳብ ነበረብኝ። እኔ ግን ጭንቅላቴ በእሳተ ገሞራው ተሞልቶ፣ «ለምን እንስራውን ራሱን አላቀዘቅዘውም?» አልኩ። አከራዬ የሚያቀዘቅዙት የወጣውን እንፋሎት እንጂ እንስራውን እንዳልነበረ ልብ አላልኩም። አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቼ ሆዱ ላይ ቸለስኩበት።

ጧ! አለ። እንስራው ለሁለት ተከፈለ፤ ድፍድፉ እሳቱ ላይ ተዘረገፈ፤ ቤቱ በእንፋሎትና በአመድ ታፈነ። እጄ ተቃጥሏል፤ ከእጄ ይልቅ ግን ሐፍረቱ አንገበገበኝ። ተዝካሩን ያበላሸሁባቸው መሰለኝ።

ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት እጄን ነበር። ውሃ ውስጥ እየነከሩት፣ «የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው እኔ ቤት አልገባም!» አሉ። ሳቅ አልመጣልኝም።

ወሬው በአንድ አፍታ ሰፈሩን አዳረሰ። አንዲት ጎረቤት የራሳቸውን እንስራ አዝለው መጡ፤ ሌሎቹም ከየቤታቸው ድፍድፍ አዋጡ። በማግስቱ ምድጃው ነደደ፤ አረቄውም እንደገና መንጠባጠብ ጀመረ። ልቤ አረፈልኝ።

አከራዬ ግን ነገሩ ከልባቸው አልወጣም ኖሯል። ውሃውን ቀየሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔስ ከጎረቤት ተዋስሁ። እነዚያ እሳተ ገሞራ እናቀዝቅዝ የሚሉት ሰዎች ከተሰበረባቸው ከማን ይዋሳሉ?»

የተማርኩትን ሁሉ አገላበጥኩ። ምድር የሚያውሰን ጎረቤት አጣሁ።