ሦስት ገጽ ተመልሷል

ግቢያችን መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ወደ አብነት ሲኬድ ውስጥ ለውስጥ ነበር። ዘጠኝ አባወራ በአንድ ቧንቧ እንጠቀማለን። በመንገዱ በኩል የድንጋይ መሠረት ያለው ትልቅ ቤት አለ፤ ከኋላው እኛ የምንኖርባቸው የጭቃ ክፍሎች ተደርድረዋል። ኪራይ የምንከፍለው ለቀበሌ ነው። ባሌ ወታደር ነበረ። መንግሥት ሲለወጥ ከሄደበት ሳይመለስ ቀረ፤ እኔ ሦስት ልጆች ይዤ ቀረሁ። የኪራይ ደብተሩ ግን በእሱ ስም ነው። ስለዚህ የማላውቀው ሰው ወረቀት ይዞ ወደ ግቢ በገባ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ ነበር የዘወትር ሐሳቤ።

ከፊተኛው ቤት አንዷ ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በንጉሡ ጊዜ የዘውዱን ቤቶች በሚያስተዳድረው ቢሮ ውስጥ ሠርተዋል። መርካቶ ውስጥ ዘውዱ ሱቅም ግቢም ነበረው፤ የእኛም ግቢ አንዱ ነበር። እሳቸው ቁልፍ በሽቦ ቀለበት ሰክተው እየዞሩ የተሰበረውን በር፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የገባውንና የወጣውን ተከራይ ይመዘግቡ ነበር። በሥራ ዘመናቸው አንድ ቁልፍ ጥዬ አላውቅም ይሉናል። ይህችን ነገር ደጋግመው ስለሚናገሯት የግቢው ሰው ይቀልድባቸዋል።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ በርጩማቸውን አውጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሰው የንጉሡንና የዘውዱን ንብረት አንድ ያደርገዋል» አሉኝ። «አንድ አይደለም። ንጉሥ የራሱ የሆነውን ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ለልጁ ያወርሳል። የዘውዱን ግን አንዲት መስኮት ነቅሎ መሸጥ አይችልም። በዙፋኑ እስካለ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ኪራዩ አንድ ቋት ይገባል። ከዚያ የቤት ማደሻው ይወጣል፣ የሠራተኛው ደመወዝ ይወጣል፣ የድሃ አደግ ማሳደጊያው ይወጣል። የተረፈው ሌላ ቤት ይሠራበታል። ንጉሥ ይሞታል፤ ዘውድ አይሞትም።»

ጨርሼ ላዳምጣቸው ይገባኝ ነበር። ትንሿ ልጄ ወድቃ አለቀሰች፤ ሄድኩ። ከነገሩኝ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ነገር ናት። አይሞትም። ማለት የቤቱ ባለቤት አልሞተም ብዬ ያዝኩ።

የዚያን ዓመት ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነውና ለሕክምና ሆስፒታል ሊገቡ ሆነ። የክፍላቸው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ተሸክመው እኔ ቤት መጡ። ውስጧ የዘውዱ ቤቶች ወረቀት ነው። ቢሮው ሲፈርስ የሚረከባቸው ሰው ስላጡ እስካሁን እቤታቸው አቆይተውታል። አልጋዬ ላይ ዘርግተው ገጽ በገጽ ቆጠሩት፤ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ከዚያ ሁለት ወረቀት አወጡና ርክክብ እንፈራረም አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጎረቤት አይደለንም እንዴ?»

«ጉርብትናው ሌላ፣ ርክክቡ ሌላ። ለአንድ በር ቁልፍ ከልዑል ጋር ተፈራርሜአለሁ፤ አንቺን ልተው?» አሉና ሳቁ። «ደግሞ እኮ ለአንቺም ይጠቅምሻል። መቶ አሥራ ሦስት ነበር ብዬ ብመጣብሽስ?»

አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። ስሜን በሁለቱም ላይ አሳምሬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማንም በፊርማዬ አምኖ ነገር ሰጥቶኝ አያውቅም። አንዱን ቅጂ እሳቸው ያዙ፣ አንዱን እኔ።

የምሠራው በርበሬ በረንዳ ነው። ለጅምላ ነጋዴዎች በርበሬ እንቀነጥሳለን፤ ሴቶቹ ጆንያው ዙሪያ እንቀመጥና እያስነጠስን እናወራለን። ጋሼ ሆስፒታል በገቡ በሳምንቱ ከሴቶቹ አንዷ ያላግባብ የተወረሰ ንብረት ለባለቤቱ ሊመለስ ነው ሲባል በሬድዮ ሰማሁ አለች። ሁሉም የየራሱን ጨመረ።

«የጃንሆይ ዘመዶች ከውጭ እየመጡ ነው አሉ።»

«የእናንተ ግቢ የቤተ መንግሥት አልነበር?» አለችኝ ከጎኔ ያለችው። «በይ ዕቃሽን ሸክፊ። ልዕልቲቱ አልጋሽ ላይ ልትተኛ ነው።»

«ቁንጫው ያባርራታል» አለች ሌላዋ፤ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እጄ ግን መቀንጠሱን ትቶ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ዘውድና አንበሳ ያለበት ማኅተም በየገጹ ላይ አለ። የእጅ ጽሑፉ ከበደኝ፤ «የዘውድ ንብረት» የሚለውን ግን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። ባለቤቱ የማይሞት ከሆነ፣ ማስረጃውም ይኸው ከሆነ፣ አንድ ቀን ወራሽ ይመጣና ይህን ሳጥን ከጋሼ ተቀብሎ እኛን ያስወጣናል። ወረቀቱ ከሌለ ግን በምን ያስወጣናል? ሁለት ቀን አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ወደ በርበሬ በረንዳ ይዤው ሄድኩ።

እዚያ እርድና ጥቁር አዝሙድ የምትቸረችር ሴት አለች፤ መጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት በኪሎ ትገዛለች። እትዬ ነው የምላት። አንዱን ገጽ አንስታ ወደ ብርሃኑ አየችው።

«ይሄ ደግሞ አንበሳ አለው።»

«አሮጌ ወረቀት ነው፣ እትዬ።»

«ጃንሆይን በኪሎ ልትሸጪልኝ ነው?» አለችና ሚዛኑ ላይ ጫነችው። «ወፍራም ነው፤ ለእርድ ይሆናል። የአሁኑ ወረቀት እኮ ያፈሳል።»

በገንዘቡ ለበሬ አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዛሁ።

ጋሼ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ተመለሱ። ለጊዜው ማንበብ ስለማይችሉ ሳጥኑ ይቆይ አሉ። እኔ በየቀኑ ሾርባ አደርስላቸው ጀመር። ሲመርቁኝ ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር።

ወር ሳይሞላ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ሰው ወደ ግቢያችን መጣ። ግቢው በሙሉ የአያቴ የግል ንብረት ነው፣ ያላግባብ ተወስዶብናል ብሎ ማመልከቻ አስገብቷል። ቀበሌው ነባር ነዋሪዎችን ሰብስቦ ቃላቸውን ተቀብሎ ወደሚወስነው ክፍል ሊልክ ሆነ። ሾርባ ሳደርስ ይህን እየፈራሁ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ግን ሳቁ።

«አያቱ? አያቱን እኔ አይደለሁም እንዴ ያስረከብኩት! የግቢው ጠባቂ ነበሩ። ዘውዱ በፊተኛው ቤት አስቀመጣቸው እንጂ አልሰጣቸውም። በርና መስኮቱን ቆጥረው፣ አልሸጥም አላወርስም ብለው በእጃቸው ፈርመዋል። ወረቀቱ አንቺ ጋ ሳጥን ውስጥ ነው።»

የሾርባቸውን ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

«ያን ዕለት ልጅሽ አልቅሳ ጥለሽኝ ሄድሽ እንጂ ልነግርሽ ነበር» አሉኝ። «ዘውድ ልጅ የለውም። ስለዚህ ወራሽ የለውም። ዘውዱ ሲወርድ የእሱ የነበረው ለመንግሥት ነው የተላለፈው፤ ለማንም ዘመድ አይደለም። ወራሽ ነኝ ባይ ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚያ ወረቀት ነው። እናንተን ከቤት የሚያስወጣችሁ ሰው ቢመጣ ብዬ እኮ ነው የማስቀምጠው።»

በማግስቱ ወደ እትዬ ሮጥኩ።

«ያ ወረቀት? እሱማ በየሰዉ ቤት ገብቷል፤ እስካሁን ወጥ ሆኗል» አለችኝ። ፊቴን አይታ ግን ከሚዛኑ ሥር ያለውን ክምር አገላበጠችልኝ። ሦስት ገጽ ተገኘ፤ እርድ ነክቶት ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። መንገድ ዳር ቆሜ እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ሁለቱ የሌላ ግቢ ናቸው። ሦስተኛው ላይ የእኛ ግቢ ተጽፏል፤ በሮች፣ መስኮቶች፣ ቁልፎች፣ ከታች የዚያ ሰውዬ አያት ፊርማ።

የሚያስፈልገው እሱ ነበር። እጄ ላይ ገብቷል። ከዚህ በኋላ የነበረብኝ ወደ ጋሼ በር መሄድ ብቻ ነው። ግን ሌሎቹስ ብለው ቢጠይቁኝ? ዘጠኝ አባወራ የሚድንበትን ወረቀት ለእርድ መጠቅለያ ሸጥኩት ልበል? በበራቸው ሥር ላሾልከው አሰብኩ። ነገ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ጋሼ ራሳቸው መጡ። ሳጥኑን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከፈቱት። ዓይናቸውን ስላላመኑት ነው መሰለኝ እጃቸውን ከተው የሳጥኑን ወለል ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ወረቀቱ ያን ጊዜ ጉያዬ ውስጥ ነበረ። ቀና ሲሉ በሬን አዩ።

«አዲስ ቁልፍ ገዝተሻል» አሉ።

ሳጥኑን ዘግተው አልጋዬ ላይ አስቀመጡልኝና ቀስ ብለው ወጡ።

በቀበሌው አዳራሽ ሊቀ መንበሩ ጠየቃቸው። «አባባ፣ የዘውድ ንብረት ነበር ይላሉ። ሰነድ አለዎት?»

«ነበረኝ።»

«አሁን የት ነው?»

እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱ። የርክክቡን ቅጂ እዚያ እንደሚይዙት አውቃለሁ፤ ጫፉ ብቅ ሲል አየሁት። ስሜ አለበት። አሳምሬ የጻፍኩት ስሜ። ትንሽ እንደያዙት ቆዩ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ውስጥ መለሱትና መሐረብ አውጥተው የታመመ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጠፋብኝ» አሉ።

«አንድ ቁልፍ ጥዬ አላውቅም ሲሉን አልነበር?» አለ ከኋላ አንዱ የግቢያችን ሰው። አዳራሹ ሳቀ። ጋሼም እንደመሳቅ አሉ። እኔ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ተቀምጫለሁ። በላብ እርዱ ለቅቆ ቀሚሴን እንዳቀለመው ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ተነስቼ ሦስት እርምጃ ብራመድ ያልቅ ነበር። አልተነሳሁም።

ከወራት በኋላ ውሳኔው መጣ። የኋላዎቹ ክፍሎች በኪራይ መዝገብ ስለተገኙ ለቀበሌው ቀሩ። ፊተኛው ቤት ግን የአያቱ አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ስላልቀረበ ለሰውየው ተሰጠ። እዚያ የሚኖሩት ጋሼ ብቻ ስለነበሩ ከግቢው የወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀበሌው ከአብነት በታች ከአንድ ጋራዥ ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጣቸው። ጎረቤቶቼ እግዜር አተረፈን እያሉ ተሳሳሙ። እኔ የጋሼን ፍራሽ ተሸክሜ እስከ አዲሱ ቤታቸው ሄድኩ፤ እግዜር ይስጥሽ አሉኝ።

በዓመቱ ግድም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስቱን ገጽ ይዤ ሄድኩ። ከጋራዡ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ክፍሏን ያንቀጠቅጣት ነበር። ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«እርድ» አሉ። «ኪሎውን በስንት ወሰደችልሽ?»

ነገርኳቸው።

«አታልላሻለች። የጥንት ወረቀት እኮ ነው።» ገጾቹን አገላበጡ። «መቼ አገኘሽው?»

«ከስብሰባው በፊት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ለምን አላመጣሽውም?»

«አፈርኩ፣ ጋሼ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አፍራለሁ።»

ይግባኝ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጊዜው አልፏል አሉ። አልተቆጡም፤ አይዞሽም አላሉኝም። ያ የርክክብ ቅጂ አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አወጡት። የእኔንም ጠየቁኝ። ከቀበሌው ደብተር ጋር አስቀምጬው ስለነበር ይዤው ሄጄ ነበር። በሁለቱም ላይ በዚያ በቆንጆ ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ ሦስት ገጽ ተመልሷል። አንድ መቶ ዘጠኝ ገጽ ጠፍቷል። የጠፋበት ምክንያት።

እዚያ ላይ እስክሪብቶውን አነሱ።

«ይሄን አንቺ ትሞይዋለሽ» አሉኝ። «እኔ ያላየሁትን አልጽፍም።»

ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ፊርማዬ የመጀመሪያውን አይመስልም።

ጋሼ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቅጂዬ አሁንም አለኝ፤ ልጆቼ የአባታቸው ወረቀት ይመስላቸዋል። ባዶ የቀረችው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ናት። ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ «ለልጆቼ ፈርቼ» ብዬ ልሞላት አስቤአለሁ። ስሸጠው እውነት ነው፤ ለእነሱ ፈርቼ ነው። አዳራሹ ውስጥ ዝም ያልኩት ግን ለእነሱ ብዬ አልነበረም። ስለዚህ እስካሁን አልሞላኋትም።