«ካ» ያለው ሰው

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጋ ላይ ነው። ብዙ ሰው ረስቶታል። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ የሞተችው ግልገል የእናቴ ነበረች፣ ሰውየውም እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀም።

የምኖረው በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ነው። ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ ስልክ እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በቡቲዬ መንደር ትኖራለች። ፍየሎቿ ሁሉ አባቴ ከመሞቱ በፊት ከገዛላት ከአንዲት ፍየል የተዋለዱ ናቸው። በዚያ በጋ አንዲት ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ እየመጣች ሦስት ግልገል ወሰደችብን። ከግልገሎቹ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦቃ እንላታለን።

ቀበሮዋን ሳልበቀል እንደማልቀር ለራሴ ማልኩ። ለዚህም ውሻ ፈለግኩ።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ አጠናሁ። ሁለት ወር ሙሉ በስልኬ ስለ አደን ውሾች ዘር እያነበብኩ በደብተር ጻፍኩ። ከቡቲዬ ጀርባ ያለው ጫካ እሾህ በእሾህ ነው፤ ከሃያ እርምጃ በላይ አያሳይም። ስለዚህ ርቆ የሚሮጥ ውሻ አይሆነኝም። ድንበሩም ቅርብ ነው፣ የጠፋ ውሻ ማዶ ተሻግሮ ይቀራል። ፀጉሩ ረጅም ከሆነ ደግሞ እሾህ ይለቅማል። የምፈልገው ሁለገብ ውሻ ነበር፤ የሚያሸት፣ ሲያገኝ ቆሞ የሚያመለክት፣ ያዝ ስለው የሚይዝ፣ ከዓይኔ ግን የማይርቅ።

አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ ሆቴል ምሳ በልቼ ደብተሬን ስገልጥ፣ ባለቤቱ ራሱ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው።

«ከሃያ እርምጃ የማይርቅ ውሻ?» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «የኔ ልጅ፣ ድመት ግዛ!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ራሱ አስጠራኝ። በረንዳው ሥር ቡናማ፣ ፀጉሩ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ውሻ ታስሯል።

«ይኸውልህ፣ ከታች ኬንያ ያስመጣሁት ነው። ፈረንጅ ቤት ያደገ ስለሆነ ከስዋሂሊ ሌላ አይሰማም። ‹ካ› ካልከው ይቀመጣል፤ ከእግርህ ሥር ንቅንቅ አይልም።»

«ካ» በስዋሂሊ ተቀመጥ ማለት ነው። እዚህ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

«ግን ሦስት ቀን አንዲት ቃል እንዳታናግረው። መጀመሪያ ሽታህን ይልመድ። ካናገርከው ይበላሻል» ሲል አስጠነቀቀኝ።

እኔ የተነገረኝን እንደተነገረኝ የምፈጽም ሰው ነኝ። ሦስት ቀን ዝም ብዬ አበላሁት፣ ዝም ብዬ አጠጣሁት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ተፈራ ሦስት ደንበኞቹን አስከትሎ «ፈተናውን እንይ እንጂ» እያለ ቡቲዬ መጣ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም።

ፍየሎቹ ከጫካው ዳር ይቀነጥሳሉ። ብዙም ሳይቆይ ቀበሮዋ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ብቅ አለች። ውሻው እግሬ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ጆሮውን አቆመ። እስክትቀርብ ድረስ ሊጠብቅልኝ ይገባል።

«ካ!» አልኩት።

ውሻው ተፈናጠረ። ፍየሎቹ መሐል ገባና በተናቸው። «ካ! ካ!» እያልኩ በጮህኩ ቁጥር ይብስበታል። ቦቃ ደንግጣ ብቻዋን ቀበሮዋ ወዳለችበት ሮጠች። አንድ ጊዜ ብቻ ስትጮህ ሰማኋት።

ከኋላዬ ሳቅ ነበር። ጋሽ ተፈራ ሆዱን ይዟል። «ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ድገመው!» ይለኛል።

ውሻው እኩለ ቀን ላይ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ከቦቃ ያገኘሁት አንድ ጆሮ ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ለሳቅ ነው እንጂ! ለአንዲት ግልገል ታኮርፋለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ካ» ሆነ። በሆቴሉ በር ባለፍኩ ቁጥር ጋሽ ተፈራ ከወንበሩ ሳይነሳ «ካ መጣ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሰዉ ዞሮ ይስቃል።

ውሻው ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ስጠይቅ ዳበል ከሚባል መንደር መሆኑን ደረስኩበት። በሞተር ይዤው ሄድኩ። አሳዳጊው አባ ጎዳና የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ውሻው ሲያያቸው አለቀሰ ማለት ይቻላል።

«እኔ ዘንድ እያለ ከበትሬ ውርወራ አልፎ ሄዶ አያውቅም» አሉኝ። «‹ካኢ› ስለው ይነሳል፣ ‹ታኢ› ስለው ይቀመጣል። ለተፈራ ነግሬዋለሁ እኮ!»

«ካኢ» በቦረና ቋንቋ ተነሳ ማለት ነው። አባ ጎዳና ከሩቅ ሲያዙት ያሳጥሩትና «ካ!» ይሆናል። ሦስት ቀን እንዳላናግረው የተነገረኝም ይህን ቀድሜ እንዳልደርስበት ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ እየተናገርኩ ነው ያደግኩት። ስለ ውሻው ዘር፣ ፀጉርና ደረት ሁለት ወር ጽፌያለሁ። ቋንቋውን ግን አልጠየቅኩም።

«ታዲያ አሁን ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ላስተምረው ነው።»

«ያውቃል እኮ!»

«ውሻውን አይደለም» አልኳቸው።

ጋሽ ተፈራ ቅዳሜ ምሳውን የሚበላው በረንዳ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ነው። ሰው በሌለበት ሰዓት የጠረጴዛውን ቁመት ለካሁ፤ ሦስት ስንዝር ተኩል ነው። ቡቲዬ በዚያው ቁመት ሣጥን አቆምኩና ላዩ ላይ ሥጋ አስቀመጥኩ። ውሻው ሦስት እርምጃ ርቆ በ«ታኢ» ይቀመጣል፤ «ካ» ሲባል ዘሎ ያነሳል። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ አለማመድኩት።

ቅዳሜ የውሻውን ቁርስ አስቀርቼ ይዤው ወረድኩ። በረንዳው ሞልቷል፤ እነዚያ ሦስቱ ደንበኞችም አሉ። ጋሽ ተፈራ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከፊቱ ቀይ ጥብስ ቀርቦለታል። ከጀርባው ገብቼ በሹክሹክታ «ታኢ» አልኩ። ውሻው ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

ጋሽ ተፈራ ዞር ሲል አየኝ። ፊቱ በራ።

«ካ መጣ!»

ውሻው ተነሳ። ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ወንበሩም ተከተለ፤ ጋሽ ተፈራ ከነጥብሱ ጀርባው ላይ ወደቀ። እንግዶቹ ደንግጠው ውሻውን ለማስቀመጥ በስዋሂሊ «ካ! ካ!» ይጮሃሉ። ውሻውም እንደታዘዘው ሥጋውን ከሸሚዙ ላይ ይለቅማል።

«ካ አትበሉ! ስለ ማርያም፣ ካ አትበሉ!» አለ ጋሽ ተፈራ።

የቃሉን ትርጉም ድሮም እንደሚያውቀው ቤቱ ሁሉ ያን ጊዜ ሰማ። ሥጋው ተለቅሞ ሲያልቅ «ታኢ» አልኩ። ውሻው ተቀመጠ። ደረቱ ላይ።

«ለሳቅ ነው ጋሼ። ለአንድ ሸሚዝ ያኮርፋሉ?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ «ካ» ብሎ የጠራኝ የለም። ለእናቴ ስነግራት አልሳቀችም። «አሁን ቦቃ ተነሳች?» አለችኝ።

ቀበሮዋን ውሻው ሁለት ጊዜ አባሯታል። አሁን አልጠላትም፤ እሷ የመጣችው ርቧት ነው። ጋሽ ተፈራ ግን አልራበውም ነበር። ሰው «ተበቅለሃል፣ ይብቃህ» ይለኛል። አልበቃኝም። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ በሆቴሉ በር ስናልፍ ውሻው ወደዚያ ጠረጴዛ ያያል፤ እኔም አያለሁ። ምናልባት ጋሽ ተፈራ አፉን ከከፈተ ብለን ጥቂት ቆም እንላለን።